ስለ አንድ ታላቅ ብቸኛ ቁጥር
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ሒሳብ ስናጠና «ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። መልሱን በአንድ ቁጥር ታሪክ ልናስረዳ እንወዳለን። ዓመቶቹን የምንናገረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። 2ን 31 ጊዜ ጽፈን እርስ በርሱ ካባዛን በኋላ 1 ብንቀንስ ይገኛል። ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ስለሌለ፤ እንደ 7ና እንደ 13 ብቸኛ ቁጥር ይባላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ፤ አንዱ ከ46,341 ማነስ ነበረበት፤ ሁለቱም ከዚያ ባያንሱ ብዜታቸው ከቁጥራችን ይበልጣልና። ከ46,341 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን 4,792 ናቸው። በብዕርና በወረቀት በሁሉም እያካፈሉ መሞከር እጅግ አድካሚ ነው።

በስዊስ አገር የተወለደው ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር በ1772 ሥራውን አሳጠረው። በዚያን ጊዜ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ የዓይኑንም ብርሃን ከሞላ ጎደል አጥቶ ነበር። እርሱ ከማካፈሉ አስቀድሞ አሰበ። ለዚህ ቁጥር ብቸኛ የሆነ አካፋይ ቢገኝለት፤ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት ተረዳ። ስለዚህ 3፤ 5፤ 7ና የመሳሰሉት ሁሉ ሳይሞከሩ ወደቁ። መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ሆነ፤ እርሱም 35 ቀሪ ያስቀራል። በዚህ መንገድ መሞከር የሚያስፈልገው ቢበዛ 372 ጊዜ ብቻ ነው። ያለ ቀሪ ያካፈለ አንድም አልተገኘም።

በ1811 እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው ከዚህ ቁጥር ስለሚሠራው ፍጹም ቁጥር ጻፈ። ፍጹም ቁጥር ማለት ከእርሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ነው፤ 6 የ1፤ የ2ና የ3 ድምር እንደ ሆነ። ባርሎው ነገሩ ጥቅም ስለሌለው ከዚህ የሚበልጠውን ለመፈለግ የሚደክም ሰው አይኖርም ብሎ ገመተ። ግምቱ ግን አልሰመረም። በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በዚያው ዓይነት የሚሠራ 39 አኀዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር አረጋገጠ። በ2024 የተገኘው ደግሞ 41,024,320 አኀዞች አሉት።

ጥቅሙም ተገለጠ። በ1977 ሦስት ሊቃውንት ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን በማባዛት መልእክትን የሚቆልፍ ዘዴ አወጡ። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ ከብዜቱ ሁለቱን መልሶ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። በኮምፒዩተር የሚላክ ብዙ ምስጢር በዚህ ዘዴ ተጠብቋል።

እንግዲህ ጥቅሙ ገና ያልታየውን ትምህርት ከንቱ ነው አንበል። ዘንድሮ ከዚህ የምንወጣው ተማሪዎች ገሚሳችን ወደ ሥራ፤ ገሚሳችንም ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንሄዳለን። የተማርነውን ቁጥር ሁሉ ላናስታውስ እንችላለን፤ ከመድከም በፊት ማሰብን ግን ይዘን እንሄዳለን። እናንተም ታናናሾቻችን፤ ሕጉን በቃል ስትይዙ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ መምህራኖቻችሁን ከመጠየቅ አትቦዝኑ።