ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት

መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራን የማያውቅ ሹፌር ያለ አይመስለኝም። ሞተሩ፣ በሩ፣ ፍሬቻው፣ የተፈታታ መኪና ሁሉ እዚያ ይገኛል። ዛሬ የማወጋችሁ ከዚያ ሁሉ ብረት መሐል ኪስ ውስጥ ስለሚገባ አንድ ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ ስለ ሴንሰር። የክራንክ፣ የካምሻፍት፣ የኤቢኤስ፣ የፔዳል እየተባለ ይጠራል። አብዛኞቹ ሥራቸው ይመሳሰላል፦ የሚዞረው ዕቃ የት እንደደረሰ ሳይነኩት፣ በማግኔት ያውቃሉ።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1879 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ በስስ የወርቅ ቅጠል ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳለፈና ማግኔት አስጠጋበት። በቅጠሉ ግራና ቀኝ ጠርዝ መካከል እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ታየ። ያኔ ኤሌክትሮን እንኳ ገና አልተገኘም ነበር። ዛሬ በወርቁ ቦታ ሲሊከን ገብቷል እንጂ አሠራሩ ያው ነው፤ በዚህ የሚሠራውም በእሱ ስም የሆል ሴንሰር ይባላል።

ጥቅሙን ለመረዳት የድሮውን ማየት ይበቃል። የቀድሞው የትሮትል ሴንሰር ካርቦን ላይ የሚፈተግ ብረት ነበረው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ እየቆመ እየሄደ የሚነዳ ሰው ነዳጅ የሚሰጠው ጥቂት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ካርቦኑ ያችው ቦታ ላይ ይበላል፣ መኪናውም እዚያ ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል። በማግኔት የሚሠራው ግን የሚፈተግ ነገር የለውም። አቧራና ዘይት ማግኔትን አይጋርዱትም። ለእኛ መንገድ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ይበላሻል ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በዙሪያው ያለው ነው። ሽቦው ይቆረጣል፣ ሶኬቱ ውኃ ይገባበታል፣ ማግኔቱ የብረት ብናኝ ይሰበስባል። የኤቢኤሱን ነገር ደግሞ በተለይ ልብ በሉልኝ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ማግኔቱ የጎማው ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ተራ የላስቲክ ሽፋን ይመስላል፣ በኩሽኔታው አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባ ጎማው ይዞራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ ባለመኪናውም ደህናውን ሴንሰር አስጥሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል። መብራቱ እንደበራ ይቀራል። ይህ የሚባክነው የሰው ገንዘብ ነው፤ ያንገበግበኛል።

ሌላም አለ። የቆየው ባለ መጠምጠሚያ ሴንሰር ኦሙ ተለክቶ ደህና መሆኑ ይታወቃል። የሆል ሴንሰር በዚያ መንገድ አይለካም፤ በኦም ቆጣሪ «ሞቷል» የተባለው በሕይወት ሊኖር ይችላል። የሚፈልገውን ቮልት ሰጥቶ፣ ብረት ወይም ማግኔት አስጠግቶ አርቆ፣ ምልክቱ ሲቀያየር ማየት ነው መፍትሔው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪኮቹ ናቸው። በእነዚህ ደግሞ ሴንሰሩ የበለጠ ያስፈልጋል፤ መቆጣጠሪያው የሞተሩ እምብርት ወዴት እንደዞረ ካላወቀ ለየትኛው መጠምጠሚያ ኤሌክትሪክ እንደሚልክ አያውቅም። በብዙ ኤሌክትሪክ ስኩተሮች ሞተር ውስጥ ሦስት ትንንሽ የሆል ሴንሰሮች አሉ። አንዱ ሲሞት ሞተሩ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል፤ ያየውም ሰው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የሞባይል ቦርድ በየቀኑ የሚበይዱት የመርካቶ ልጆች ያችን ሴንሰር ነቅለው ሌላ መትከል ይችላሉ። ሶማሌ ተራም እያንዳንዱ ሴንሰር ሻጭ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባትሪና አንድ ቴስተር ቢያኖር፣ ገዢውም ከመክፈሉ በፊት «እስቲ ፈትሽልኝ» ቢል ደስ ይለኛል።