«የቶክዮ ታሪክ»
ስለ አንድ የጃፓን ፊልም በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት በ1946 ዓመተ ምሕረት፥ በዚያው በጃፓን አገር «የቶክዮ ታሪክ» የሚባል ፊልም ለሕዝብ ታየ። ያዘጋጀው ያሱጂሮ ኦዙ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት መውጣታቸው አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ነገር ግን መጽሐፉ ጃፓን ወደ ሥልጣኔ የሄደችበትን መንገድ ሲያስረዳን፥ ፊልሙ ደግሞ የሠለጠነው ሰው ማታ ከሥራው ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ከገጠር የመጡ አባትና እናቱን እንዴት እንደሚቀበል ያሳየናል።

ታሪኩ በአጭሩ ሲነገር የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ኦኖሚቺ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ባልና ሚስት፥ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በባቡር ወደ ቶክዮ ይሄዳሉ። ታላቁ ልጅ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ሴቲቱ ልጅ የሴቶች ጠጉር ቤት አላት። ሁለቱም ሥራ በዝቶባቸዋል። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ቀን ሰንብተው ይመለሳሉ፤ እናትየዋም በመንገድ ታመው ከአገራቸው ከገቡ በኋላ ያርፋሉ። ሽጉጥ የለ፥ ድብድብ የለ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መጀመሪያው ላይ መንቀርፈፉንም አልክድም።

ይሁን እንጂ በዚያ ቤት የሚደረገው ሁሉ በየቤታችን የሚደረግ ነው። ለአያቶቹ ማደሪያ ሲባል የማጥኛ ጠረጴዛው ወደ መተላለፊያው የወጣበት የሐኪሙ ልጅ ያኰርፋል። የሴቲቱ ልጅ ባል ለአማቶቹ ጥሩ ኬክ ገዝቶ ቢመጣ፥ ሚስቱ ለእነርሱ ይህን ያህል ውድ ነገር አያስፈልግም ብላ ትነቅፈዋለች። ደንበኛዋ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብላ ስትጠይቃት ደግሞ፥ ከገጠር የመጡ ወዳጆች ናቸው ብላ ትመልሳለች። አልሰደበቻቸውም፤ አላባረረቻቸውም፤ እናት አባቴ ናቸው ማለት ብቻ ከበዳት።

ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ ጋይንት ነው። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ስመ ጥር ቦታ ናት። ተማሪው ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ እየመጣ፥ ከዘመዶቹ ተለይቶ ብዙ ዓመት ይቀመጥባታል። ስለዚህ ለዚያ አገር እናት፥ ልጅ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፥ ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፥ እናቱ ተከትለው መምጣታቸው ነው። ዳቦ ቆሎና ቅቤ ይዘው፥ በደብረ ታቦር አድርገው፥ ዓባይን ተሻግረው ይደርሳሉ። ልጁም በሁለት ክፍል የኪራይ ቤቱ ተቀብሎ፥ «እምዬ፥ ዛሬ ስብሰባ አለብኝ፤ እሑድ እንጦጦ ማርያም እንሄዳለን» ይላቸዋል።

በፊልሙም ሐኪሙ ወላጆቹን ከተማውን ሊያሳይ ያሰበው እሑድ ነበር። ሁሉም ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ታማሚ ሕፃን አለ ተብሎ ይጠራል፤ ሽርሽሩም ይቀራል። የታመመ ሕፃን ትቶ መሄድ ነበረበት የሚል ማን ነው? ኦዙን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ እንድንጠላው ብሎ ያመጣብን ክፉ ሰው የለም። ካሜራውም ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይን በሚደርስበት ከፍታ ዝቅ ብሎ ስለሚመለከት፥ ከሽማግሌዎቹ ጋራ አብረን የተቀመጥን ይመስለናል። አባትየውን ሆኖ የሚጫወተው ቺሹ ርዩ ያን ጊዜ ገና 49 ዓመቱ ነበር ቢሉት ማን ያምናል! በ2004 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት የዓለምን የፊልም አዘጋጆች ድምፅ ሲሰበስብ፥ ይህን ፊልም ከሁሉ አንደኛ አድርገውታል።

በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አድማጮች በተለይ ኖሪኮን እንድታዩአት እወዳለሁ። ኖሪኮ በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት፤ በአንድ የንግድ ቢሮ ተቀጥራ በአንዲት ክፍል ትኖራለች። አለቃዋን የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቃ አማቶቿን በአውቶቡስ ከተማውን ታስጐበኛቸዋለች፤ ማታም ለአማቷ የምታቀርበውን መጠጥ ከጎረቤት ትበደራለች። እኛ የፈቃድ ቅጽ ስንሞላ «ለግል ጉዳይ» ብለን እንጽፋለን፤ «እናቴ ስለ መጡ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

የእናትየዋ ሕመም በቴሌግራም በተሰማ ጊዜ፥ ሴቲቱ ልጅ የሐዘን ልብሷን አስባ ይዛ ትሄዳለች፤ ኖሪኮ ግን ሳትይዝ ትመጣለች። ከቀብር በኋላ ልጆቹ ቶሎ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ሴቲቱም የእናቷን ልብስ ለማስታወሻ ጠይቃ ነው የምትሄደው። ትንሿ እኅታቸው በዚህ ስትናደድ፥ ልጅ ሲያድግ የራሱ ኑሮ ይኖረዋል፥ ከወላጁም ይርቃል ብላ የምታስረዳት ኖሪኮ ናት። አባትየውም፥ ከሥጋ ልጆቻችን ይልቅ አንቺ ደግ ሆንሽልን ብለው የሟቿን ሰዓት ይሰጧታል። እርስዎ እንደሚያስቡኝ አይደለሁም እያለች ታለቅሳለች።

ወደ ቶክዮ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ ኖሪኮ ሰዓቱን አውጥታ ታያለች። ሽማግሌው ማራገቢያቸውን ይዘው በባዶው ቤት ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ በወደቡም ጀልባ ያልፋል።