በግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ «አዎን»



ዛሬ የምንነጋገረው በምርጫ ጊዜ በግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው ወረቀት ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ መንግሥት ስለ ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ አንዳንድ ጊዜ ከአዋጁ ይልቅ ይህ ወረቀት አጥርቶ ይናገራል።

መጋቢት 17 ቀን 1926 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። የቀረበው 400 ስም የያዘ አንድ ዝርዝር ብቻ ስለ ነበር፥ መራጩ ሁሉንም ከመቀበል ወይም ሁሉንም ከመጣል በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። በዚያን ሰሞን በሮማ ከተማ፥ በፋሺስት ፓርቲ መሥሪያ ቤት ፊት፥ እጅግ ታላቅ የሆነ የሙሶሊኒ ፊት ተሰቅሎ ዙሪያውን «አዎን፥ አዎን» በሚል ቃል ተሞላ። «አይሆንም» ለሚለው ቃል መዳፍ የምታህል ቦታ እንኳ አልተተወችም። ከመቶው 99.84 ደገፈ ተባለ። ያው መንግሥት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ። እነ በላይ ዘለቀ ከቁይ ብዙም በማይርቀው በብቸና ምድር የተዋጉት ከ«አዎን» በቀር መስማት ካልለመደ ኃይል ጋር ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር በባዕድ ላይ ብቻ ማሳበብ ግን አይገባም። በሰኔ 1978 ዓ.ም. ደርግ የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ በ1 ሚሊዮን ቅጂ አሳትሞ ለቀበሌዎችና ለገበሬ ማኅበራት በተነ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ድምፅ ለመስጠት ከሚችለው 14 ሚሊዮን ሰው ከመቶው 96 እንደ ወጣ፥ 81 እንደ ደገፈ፥ 18 እንደ ተቃወመ ተነገረ። ሰኔ 7 ቀን በዚያው ዓመት ለ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። ከኢሠፓ ሌላ የተፈቀደ ፓርቲ ግን አልነበረም። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» እንዲሉ።

እንግዲህ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፥ ወረቀቱና ሙጫው ለምን ይደክሙለታል? መልሱ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል መራጩን ለማሳመን አይለጠፍም፤ መራጩ ብቻውን የቀረ እንዲመስለው ይለጠፋል። በልቡ «አይሆንም» የሚል ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ በየግድግዳው «አዎን» ያነባል። ጎረቤቱም እንደ እርሱ በልቡ «አይሆንም» እያለ ያንኑ ያነባል። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም እንደ ስምምነት ይቈጠራል። በዚያ ሁሉ መካከል፥ በመንግሥት ቍጥር እንኳ፥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መቃወሙ ምን ያህል የሚያስደንቅ ነው!

የምርጫ ወረቀት በራሱ ክፉ አይደለም። በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ፥ ዕጩ ራሱን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ይገባዋል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ወረቀት አጠገብ ተቃራኒውን የሚለጥፍ ሰው ማታ በሰላም ቤቱ ይገባልን? የሚገባ ከሆነ ምርጫ ነው፤ የማይገባ ከሆነ ግን ወረቀቱ ማስታወቂያ መባሉ ቀርቶ ማስጠንቀቂያ ይባላል።

ይህ ነገር በተለይ የመንግሥት ሠራተኛን ይመለከታል። አምባገነን በገዛ እጁ ወረቀት አይለጥፍም። ወረቀቱን የሚያሳትም ጸሐፊ፥ በመሥሪያ ቤት መኪና የሚያደርስ ሾፌር፥ ከግምጃ ቤት ሙጫ የሚያወጣ፥ በመጨረሻም ድምፁን የሚቈጥር ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ደመወዛችን የሚከፈለው «አዎን» ካለውም «አይሆንም» ካለውም ሰው ግብር ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ወረቀት እኩል ልናከብር፥ የሁለቱንም ድምፅ በትክክል ልንቈጥር ዕዳ አለብን።

ሥዕልን ዝናብ ያጥበዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ሲወጡ፥ 81 ከመቶ ደገፈው የተባለውን ሥርዓት ሊያድን የወጣ ሕዝብ አልታየም። በትክክል የተቈጠረ ድምፅ ግን ለተሸናፊው እንኳ መጽናኛ፥ ለአሸናፊውም መሠረት ነው።