ተግሣጽን በደስታ ስለ መቀበል

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል



በኢዮቤልዩ ቀን ምስጋና የተገባ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ለሠሩት፥ ሌሊት በማኅሌት ቀን በቅዳሴ ላገለገሉት፥ ስንዴውን ለመገበሪያ፥ ዘቢቡን፥ ዕጣኑንና ጧፉን ከቤታቸው ላመጡት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ይህም መጽሐፍ የተዘጋጀው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ምስጋና በበዛበት ቀን አንድ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ይኸውም ተግሣጽ ነው። ለሙሽራ በሠርጉ ቀን ጉድለቱን የሚነግረው እንደሌለ፥ ለደብርም በበዓሉ ቀን ጉድለቱን የሚነግረው የለም። ስለዚህ የዛሬው ነገር ስለ ተግሣጽ፥ ይልቁንም ተግሣጽን ስለ መቀበል እንዲሆን ተመረጠ። መስጠቱንማ የማያውቅበት ሰው አይገኝም።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ አስቀድሞ የሚማረው መታረምን ነው። ሕፃኑ ፊደል ለይቶ፥ አቡጊዳ ጨርሶ፥ የዮሐንስን መልእክት ማንበብ ሲጀምር በየቃሉ ይታረማል። ወዳቂውን ተነሽ፥ ተጣዩን ሰያፍ አድርጎ ቢያነብ፥ መምህሩ ከሌላ ተማሪ ጋራ እንኳ ቢሆን ከሩቅ ሰምቶ ይመልሰዋል። ልጁም ያንኑ ቃል ደግሞ አቅንቶ ያነባል እንጂ ስለ ምን ታረምሁ ብሎ አይከራከርም። ወደ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜም፥ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለበትን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በባልንጀሮቹ ፊት፥ ይህ ቤት አይመታም፥ ይህ ምሥጢር አይስማማም ብሎ ያፈርስበታል። ተማሪው ያፍራል፤ ቢያፍርም በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ቈጥሮ ይመጣል። የብራና ጸሐፊም እንዲሁ ነው። የጻፈውን ከምንጩ መጽሐፍ ጋራ አስተያይተው ስሕተት ያገኙበት እንደ ሆነ፥ ፊደሉን በስለት ፍቆ በላዩ ያቀናዋል።

ይህ ልጅ ግን ያድጋል። መሪጌታ ወይም አለቃ ይሆናል፤ በዓለምም ቢኖር የቤት ጌታ፥ ሹም ወይም ነጋዴ ይሆናል። በከበረም ጊዜ ሰው ሁሉ ዝም ይለዋል፤ ዝም የሚሉት ስሕተት ስላጡበት ይመስለዋል። በሕፃንነቱ ስለ አንዲት ፊደል ይታረም የነበረው ሰው፥ አሁን ቍጣው ቤቱን ሲያሸብር፥ ሚዛኑ ሲያጎድል፥ አንደበቱ ባልንጀራውን ሲያቈስል የሚመልሰው ያጣል። ለአንዲት ቃል ንባብ ያን ያህል የተጋ ማኅበር ለአንድ ሰው ነፍስ ዝም ማለቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ንጉሥ ዳዊት የወደቀውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር። በግ ጠባቂ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ በሰው ፊት ይቈጣው ነበር። በስደት ሳለ በናባል ላይ ተቈጥቶ ቤቱን ሊያጠፋ ሰይፍ ታጥቆ ሲወርድ፥ የናባል ሚስት አቢግያ በመንገድ ተቀብላ በምክር ከደም መለሰችው፤ እርሱም እግዚአብሔርን አመሰገነ፥ ምክርዋንም ባረከ። በኢየሩሳሌም በዙፋኑ ከተቀመጠ በኋላ ግን የኬጢያዊውን የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ኦርዮንንም ጦርነት በጸናበት ቦታ አስቁሞ አስገደለው። ቤርሳቤህን ያመጡት መልእክተኞች ነገሩን ያውቁ ነበር። ደብዳቤውን የተቀበለው ኢዮአብም ያውቅ ነበር። አንዱም ስንኳ አልተናገረም፤ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ ወራት አለፉ።

ነቢዩ ናታን በመጣ ጊዜ ነገሩን በሰምና ወርቅ አድርጎ ነገረው። ሰሙ አንዲት በግ ብቻ ያለችው ድኻና የዚያን ድኻ በግ ለእንግዳው ያረደ ባለጠጋ ናቸው። ዳዊት ሰሙን ሰምቶ ተቈጣ፥ በባለጠጋውም ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ፤ ወርቁ ራሱ እንደ ሆነ አላወቀም። ናታን ወርቁን በገለጠለት ጊዜ ንጉሡ ሊመልሰው የሚችለው ቃል ብዙ ነበር። ጦርነት ይህንም ያንም ይበላል ለማለት ይችል ነበር፤ እንዲያውም ለኢዮአብ ይህንኑ ልኮበታል። ኦርዮን ወደ ቤትህ ሂድ ሲሉት እምቢ ያለ ነው ለማለት ይችል ነበር። ናታንንም፥ ንጉሥን የምትገሥጽ አንተ ማን ነህ ብሎ ለማስወጣት ሥልጣን ነበረው። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረገም። በዕብራይስጡ መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በእግዚአብሔር ላይ መበደሉን አመነ፥ ሌላ አልጨመረም።

ካህናት በየጸሎቱ የሚደግሙት 50ኛው መዝሙር፥ አርእስቱ እንደሚናገር፥ ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ የተጸለየ ነው። ያን ቀን ንጉሡ ነቢዩን አስወጥቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ጸሎት ባልተገኘም ነበር። ደግሞም ከቤርሳቤህ ከተወለዱለት ልጆች አንዱ ስሙ ናታን ይባላል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም የጌታን የትውልድ ሐረግ በዚሁ በናታን በኩል ይቈጥራል። ስሙ ከነቢዩ እንደ ተወሰደ መጽሐፍ አይናገርም፤ ቢሆንም ዳዊት ልጁን በጠራ ቍጥር የገሠጸውን ሰው ስም ይጠራ ነበር። በሸመገለና በአልጋው በተኛ ጊዜም፥ መንግሥቱ ለሰሎሞን እንዲጸና ወደ እልፍኙ ገብቶ የተናገረው ያው ናታን ነው። በሩ አልተዘጋበትም ነበር።

ከዚያው ከዳዊት ቤት የተወለደው ንጉሥ አሳ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። አሳ ክፉ ንጉሥ አልነበረም። ጣዖታትን ከአገሩ አስወገደ፤ መዓካ ጣዖት ስላቆመች ከእቴጌነትዋ ሻራት። ነቢዩ ዓዛርያስ በመጣ ጊዜም ቃሉን በደስታ ሰማ፤ የዓዛርያስ ቃል አይዞህ፥ በርታ የሚል ነበርና። ከብዙ ዘመን በኋላ የእስራኤል ንጉሥ ባኦስ ሲነሣበት፥ አሳ ከእግዚአብሔር ቤትና ከራሱ ቤት ብርና ወርቅ አውጥቶ ለሶርያ ንጉሥ ላከና ረዳት ገዛ። ባለ ራእዩ አናኒ መጥቶ፥ በእግዚአብሔር ሳትታመን በሶርያ ንጉሥ ታመንህ ብሎ ገሠጸው። አሳ ተቈጣ፥ አናኒንም በግዞት ቤት አገባው፤ በዚያም ወራት ከሕዝቡ አንዳንዶቹን አስጨነቀ። በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን ታመመ፥ በ41ኛውም ሞተ፤ በሕመሙም ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን እንዳልፈለገ ተጽፎአል።

አይዞህ የሚለውን ነቢይ የማይቀበል ማን አለ? ሰው መካሪ እወዳለሁ ሲል፥ የሚወድደው ዓዛርያስን እንደ ሆነ ወይም አናኒን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። አሳም እስከዚያ ቀን ድረስ ነቢያትን እሰማለሁ ብሎ ያምን እንደ ነበረ አይጠረጠርም።

በዚህ አገር ተግሣጽን የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ግዞት አይደለም፥ ይሉኝታ ነው። ታላቁ እንዳይቀየም፥ ወዳጁ እንዳይርቅ፥ ጎረቤቱ እንዳያዝን እየተባለ እውነቱ ከፊቱ ይሸሸጋል። ተሸሽጎ ግን አይቀርም፤ ቡና በሚጠጣበት ቤት ሁሉ ይነገራል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጉድለት አገር ሁሉ ሲሰማው ባለቤቱ ብቻ ሳይሰማው ይኖራል። የዚህም በደል የሐሜተኛው ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ በገሠጸው ሰው ላይ ፊቱን ያጠቈረ፥ ሰላምታውንም የነሣ ሰው፥ ያንን አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ያዩትን ሁሉ ለዐሥር ዓመት ዝም አሰኝቶአቸዋል። በኋላም የሚነግረኝ ጠፋ ብሎ ያዝናል።

ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውም ተረት ብዙ ጊዜ ለሰነፍ መካሪ መሸሻ ሆኖአል። ተረቱ ምከረው የሚለው ሁለት ጊዜ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል የተጻፈው የጌታ ሥርዓት ግን፥ መጀመሪያ ለብቻው፥ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ምስክር ጋራ፥ በኋላም በቤተ ክርስቲያን፥ ሦስት ደረጃ አለው። ብዙው ሰው ከሦስተኛው ይጀምራል።

ለብቻው ስለ መምከር አጵሎስ ምስክር ነው። አጵሎስ የእስክንድርያ ሰው፥ ነገር አዋቂና በመጻሕፍትም የበረታ ነበር፤ ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ሚስቱ ጵርስቅላ በምኵራብ ሲናገር ሰምተው፥ በሕዝብ ፊት ሳያሳፍሩት ወደ እነርሱ ወሰዱትና የእግዚአብሔርን መንገድ አቅንተው ነገሩት። ሊቁ ከድንኳን ሰፊዎችና ከሴት መማሩን አልናቀም፤ ከዚያም ወደ አካይያ ሄዶ ምእመናንን እጅግ ረዳ። ጴጥሮስ ግን በአንጾኪያ የታረመው በሁሉ ፊት ነው። ከአሕዛብ ጋራ ሲበላ ቈይቶ፥ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ቢመጡ ፈርቶ ተለየ፤ ስሕተቱ በሁሉ ፊት ስለ ነበረ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው፥ ይህንም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት አስቀረው። ጴጥሮስ በጥሪም በአገልግሎትም ለጳውሎስ ቀዳሚው ነበር። ቢሆንም በሁለተኛው መልእክቱ ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ይጠራዋል፥ መልእክቶቹንም ከመጻሕፍት ጋራ ያነሣል። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

የሚገሥጽ ሁሉ እንደ ጳውሎስ ንጹሕ አይደለም እርግጥ ነው። የራስዋ አርሮባት የሰው ታማስላለች የሚባልለት መካሪ ሞልቶአል፤ ነገሩንም ሳያጣራ የሚናገር፥ በቅንዓትም የሚናገር አለ። ሳሚ ዳዊትን በድንጋይ እየወገረ ሲሰድበው፥ አቢሳ ራሱን ልቍረጠው ቢል ዳዊት ከለከለ፤ ምናልባት በዚህ ውስጥ ከእግዚአብሔር የመጣ ነገር ይኖር ይሆናል ብሎ አስቦ ነበርና። የሰደበው ሁሉ እውነት ነው አላለም። ገበሬ እህሉ ከገለባ ጋራ መጣ ብሎ አውድማውን አይተውም፤ ይወቃዋል፥ ያነፍሰዋል፥ ፍሬም ካጣበት ያን ጊዜ ይተወዋል።

በዚህ ነገር የንስሓ አባትና የንስሓ ልጅ ከሁሉ ይልቅ ይነካሉ። ቤተ ክርስቲያን ለምእመን ሁሉ ናታን ሰጥታዋለች፤ ይኸውም የንስሓ አባቱ ነው። ነገር ግን የንስሓ አባት በተዝካርና በክርስትና ቀን ብቻ የሚጠራ፥ በከበሬታ ተቀምጦ በልቶ፥ ባርኮ የሚሄድ እንግዳ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጁ አባቱን በእንጀራና በጠላ ዝም ያሰኘዋል፥ አባትም ልጁን በቡራኬ ያልፈዋል፤ ሁለቱም ተፈቃቅረው ይኖራሉ፥ ኃጢአቱም በመካከላቸው ተቀምጦ አብሮ ይበላል። እንዲህ ያለው ሰላም ከጠብ ይከፋል። ካህኑንስ ማን ይገሥጸዋል? ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሽማግሌን እንደ አባት አድርጎ እንዲለምነው ጻፈለት፤ መለመኑ ግን አልቀረም። አባ አርሳንዮስ በንጉሥ ቤት የሮማይስጥንና የጽርእን ትምህርት ጠንቅቆ ሳለ፥ በግብጽ በረሓ ስለ ልቡ አሳብ አንድ ያልተማረ ሽማግሌ ሲጠይቅ አገኙት፤ ቢደነቁበትም፥ የዚህን ሰው ፊደል ገና አልለየሁም የሚል መልስ ሰጣቸው። በቅኔና በድጓ የመጠቀ ካህን በደጀ ሰላም ከምትቀመጥ መበለት አንድ ቃል ቢሰማ ክብሩ አይጎድልበትም።

የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስም ነገር በዚህ ይነገራል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ381 ዓመት 150ው ሊቃውንት በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡበትን ጉባኤ የጠራ እርሱ ነው፤ በሃይማኖቱ የሚያሙት አልነበረም። ቍጡ ግን ነበረ። በ390 የተሰሎንቄ ሕዝብ የሚወድዱት ሠረገላ ነጂ ቢታሰር ተነሥተው የጦር አለቃውን ገደሉ፤ ንጉሡም በቍጣ አዘዘና ወታደሮች ሕዝቡን ጥፋተኛውንም ንጹሑንም ሳይለዩ ፈጁት። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬጦስ የሞቱትን 7,000 ይላቸዋል። የሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ይህን በሰማ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ለንጉሡ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ንጉሡ ለብቻው እንዲያነበው፥ ሌላ ሰው እንዳያየው፥ በገዛ እጁ ጻፈው። ዳዊትን አነሣለት፤ ንስሓ ሳይገባም በፊቱ መሥዋዕት ለማቅረብ እንደማይደፍር አስታወቀው።

በእጁ የዓለም ሠራዊት የነበረ ሰው አንድ ኤጲስ ቆጶስን ለማሰደድ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ቴዎዶስዮስ ግን ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት አለቀሰ፥ ወደ ቍርባንም የተመለሰው ከንስሓው በኋላ ነው። የሞቱት የተሰሎንቄ ሰዎች በዚህ አልተነሡም፤ ይህም ሊረሳ አይገባውም፤ ተግሣጹ ከትእዛዙ በፊት ደርሶ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይሻል ነበር።

ንጉሡ በ395 በሚላኖ ሞተ። በ40ኛው ቀን፥ ወራሹ ሕፃኑ አኖርዮስ ቆሞ ሳለ፥ የመታሰቢያውን ቃል የተናገረው ያው አምብሮስዮስ ነው። በዚያም ቀን፥ ያን ሰው የወደድሁት ከሚያቆላምጠው ይልቅ የሚገሥጸውን ስለ ወደደ ነው የሚል ነገር ተናገረ፤ ንጉሡም በመጨረሻ እስትንፋሱ ኤጲስ ቆጶሱ ወዴት ነው እያለ ይጠይቅ እንደ ነበር ለሕዝቡ ነገራቸው።