የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለገበሬው ምኑ ነው?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን ሥራና አገልግሎት የሚመለከት ነው። የግብርና ሠራተኛ ስለ ጤና ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል። የሚያገባኝ እናንተ ከምትታመሙበት ምክንያት ብዙው እኔ ከምውልበት ማሳና ከጎተራችሁ ስለሚነሣ ነው።

ብዙዎቻችን ጤና ጽሕፈት ቤት ሲባል የሚታየን መርፌና ክኒን ነው። የሚያክመው ግን ጤና ጣቢያው ነው። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ በሥሩ እያንዳንዳቸው እስከ 5,000 ሰው የሚያገለግሉ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች አሉት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡትን እኅቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት እነዚህን ሁሉ ያስተባብራል፣ ባለሙያ ይመድባል፣ ክትባትና መድኃኒት መድረሱን ይከታተላል። በእኔ እይታ ግን ትልቁ ሥራው ሌላ ነው። ወሬ ይሰበስባል። በየሳምንቱ ስንት ሰው በወባ ታመመ፣ ስንት ሕፃን ተጎሳቆለ እያለ ይቆጥራል። ኩፍኝ፣ ኮሌራ፣ አባ ሰንጋ ወይም የእብድ ውሻ በሽታ ከተጠረጠረ ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም። ወሬው የደረሰው እያንዳንዱ እርከን በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላዩ እንዲያስተላልፍ መመሪያው ያዛል። ከገበሬው ቤት እስከ ጤና ኬላ ያለውን መንገድ ግን መመሪያ አያሳጥረውም። እሱ የእኛ ድርሻ ነው።

በጣና ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንኖች፣ የኮሚኒቲ ነርሶችና የሳኒተሪ ባለሙያዎች ናቸው። በሽተኛ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ምንጩና ወደ ጉድጓዱ እንዲሄዱ ነበር የታሰበው። ኮሌጁ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ያ የድሮ ነው እንዳንል፣ ከታኅሣሥ 2016 ማለቂያ እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። በመኸር ወቅት ማሳ ጠባቂ ያለ አጎበር ሲያድር፣ የመስኖ ቦይ ተዘግቶ ውኃ ሲተኛ እያየን ዝም የምንል ከሆነ የጽሕፈት ቤቱ ቆጠራ ብቻውን የሚያመጣው ነገር የለም።

አሁን ዋና ወደምለው ልግባ። ፀረ ተባዩንም ፀረ አረሙንም በአንድ ስም “መድኃኒት” እንለዋለን። ስሙ ያዘናጋል። መርዝ ነው። ቀዳዳ የጀርባ መርጫ ተሸክሞ፣ ሸሚዙ በኬሚካል ርሶ፣ በዚያው እጅ እንጀራ የሚቆርስ ሰው በየማሳው አያለሁ። ባዶውን ጀሪካን አጥቦ ጠላ የሚይዝበትም አለ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ዕቃውን አጥቦ መጠቀም የሚባል ነገር እንደሌለ ነው። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያም ዕቃውን በስቶ ከጥቅም ውጪ ማድረግ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ለነቀዝ ጎተራና ጆንያ ውስጥ የሚጨመረው እንክብል ነው። እንክብሉ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ጋዙ ነቀዝና ሕፃን አይለይም። ብዙዎቻችን እህላችንን የምናስቀምጠው ከምንተኛበት ቤት ነው። በር ተዘግቶ፣ መስኮት ተደፍኖ፣ ከጆንያው ሥር ልጆች ይተኛሉ። ሌሊት ያስመልሳቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ቤተሰቡም የበሉት ነው ይላል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። እንክብል የገባበት እህል ሰው ከሚያድርበት ቤት መውጣት አለበት። ሌላ መላ የለውም።

ሰው በፀረ ተባይ ቢመረዝስ? ላብ ካጠመቀው፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ካስመለሰውና ከተንቀጠቀጠ ልብሱን አውልቃችሁ ሰውነቱን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ወተት አጠጥታችሁ ወይም እንዲያስመልስ አስገድዳችሁ ጊዜ አታጥፉ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጡ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለሙያው ጽሑፉን አይቶ ምን እንደሚሰጥ ያውቃል። በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በፌስታል ተቀንሶ የተገዛ ከሆነ ግን ምን ያንብብ?

ሌላው የምናውቀውና የምንደብቀው አባ ሰንጋ ነው። በሬ ድንገት ወድቆ ደም በአፍንጫው ሲወጣ፣ ደሙም አልረጋ ሲል የቤቱ ሀብት ነው የሄደው። ቆዳውን እንኳ ላትርፍ፣ ሥጋውን ልሽጥ ማለት ከክፋት አይመጣም፣ ከችግር ነው። ነገር ግን በሬው በተከፈተ ቁጥር ተህዋሲው አፈር ውስጥ ይገባና ለብዙ ዓመት ይቆያል። ሥጋውን የነካም እጁ ላይ መሐሉ የሚጠቁር፣ ብዙም የማያም ቁስል ይወጣበታል፤ ስለማያም ይተወዋል። ቶሎ ከታየ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ይድናል። ሬሳውን ሳይከፍቱ በጥልቅ መቅበር፣ ያንኑ ዕለትም ለእንስሳት ሐኪሙም ለጤና ኬላዋም መናገር ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቢሮዎች ጎን ለጎን እያሉ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማ ይቀራል። ይህንን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችንም እጠብቃለሁ።

ውሻ ለነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ክትባቱ በየጤና ኬላው ስለማይገኝ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ጤና ጣቢያው ወይም ጽሕፈት ቤቱ ነው። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ የሚመልሰው የለም።

ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣሉ። ለቀረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ በቤተሰብ ይከፈላል። ብዙ አባል ግን መዋጮው በሚሰበሰብበት ሰሞን ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይኖርም፤ እህሉን ገና አልሸጠም።

ስለዚህ ለቦርዱ የማቀርበው ሁለት ጥያቄ ነው። የማኅበራቱ መጋዘኖች ማንኛውንም ኬሚካል ከነማሸጊያው ብቻ እንዲሸጡ፣ ሻጩም የነቀዙን እንክብል ለሚገዛ ሰው እህሉን የት እንደሚያኖረው ሳይጠይቅ እንዳይሰጥ መመሪያ ይውጣ። በበሩም ላይ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ይለጠፍ። ሁለተኛው፣ ፈቃደኛ የሆነ አባል የጤና መድን መዋጮው ከትርፍ ክፍፍሉ ተቀንሶ እንዲከፈልለት ዩኒየኑ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገር። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።