በሩን የሚያነሣው ምንድን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዝግጅቱ ኮሚቴ በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው የዕለት ሥራዬ የሆነው የውሃ ፓምፕ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን በዚህ ረገድ ከእኔ ይልቅ ጠልቀው የሚያውቁ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ መኖራቸውን ስለማውቅ፣ በገዛ እጄ ስለ ሠራሁትና በገዛ እጄ ስለ ተሳሳትኩበት አንድ ትንሽ ሥራ ብናገር ይሻላል አልኩ። ይኸውም በቤቴ ጋራዥ በር ላይ የኤሌክትሪክ መክፈቻ መግጠሜ ነው። ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ አንሶ የታያችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ሥራውን ስጀምር አንሶ ታይቶኝ ነበር።

ጋራዥ ስል በአገራችን አነጋገር መኪና የሚጠገንበትን ሥፍራ ማለቴ አይደለም። በዚህ በአሜሪካ አገር ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራውን የመኪና ማሳደሪያ ክፍል ማለቴ ነው። በሩም እንደ ግቢያችን በር ወደ ጎን የሚከፈት ሳይሆን፣ በማጠፊያ ከተያያዙ አግድም ሰሌዳዎች የተሠራና በሁለት ሐዲዶች ተመርቶ ወደ ላይ በመውጣት ከጣራው ሥር የሚተኛ ነው። ወደ ላይ የሚነሣውን በር ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ሠራ፤ በ1926 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚከፍተውን መሣሪያ አከለበት። ዛሬ ከመካከላችን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዛን ብዙዎቻችን ይህን መሣሪያ በየዕለቱ እንጠቀምበታለን፤ ሲበላሽም የቅዳሜ ቀን ሥራ አድርገን ራሳችን እንቀይረዋለን።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አሮጌው ሞተር ስለ ተቃጠለ አዲስ ገዝቼ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነ አንድ ወዳጄን ጠርቼ፣ መሰላሉን ከማቆማችን በፊት በወረቀት ቁራጭ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ሁለት መኪና የሚያስገባው የብረት ላሜራ በር 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከተዘጋበት ተነሥቶ ከጣራው ሥር እስኪተኛ ድረስ የክብደቱ ማዕከል 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 755 ጁል ይደርሳል፤ ይህም በ12 ሴኮንድ ሲካፈል 63 ዋት ይሆናል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 373 ዋት ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ በሩን ያለ ችግር ያነሣዋል ብዬ ደመደምኩ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ አስተሳሰቡ ግን ስሕተት ነበር። በሩን የሚያነሣው ሞተሩ አይደለምና።

በሩን የሚያነሣው ሞላው ነው። ከበሩ አናት በላይ በአግድም በተዘረጋው ዘንግ ላይ አንድ ወይም ሁለት የተጠመዘዙ ሞላዎች አሉ። በዘንጉ ጫፎች ላይ ከሚገኙት ከበሮዎች የሚወርዱት የሽቦ ገመዶች የበሩን የታችኛውን ማዕዘን ይዘዋል። በሩ ሲዘጋ ሞላው ይጠመዘዛል፤ ሲከፈት ይፈታል። የንድፉ ብልኅነት ያለው እዚህ ላይ ነው። በሩ ወደ ላይ በወጣ መጠን ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ወደ አግድሙ ሐዲድ እየተጠማዘዙ ስለሚገቡ፣ በገመዱ ላይ የሚንጠለጠለው ክብደት እየቀነሰ ይሄዳል። የሞላውም የመጠምዘዝ ኃይል በተፈታ ቁጥር በዚያው ልክ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለቱ በየደረጃው ስለሚመጣጠኑ፣ በትክክል የተስተካከለን በር አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊያነሣው ይችላል። ለሞተሩ የተተወለት ተግባር ሰበቃውን ማሸነፍና በሩን መምራት ብቻ ነው።

ይህን ሳናስተውል እኔና ወዳጄ ሥራችንን ቀጠልን። ሐዲዱን ገጣጠምን፤ የበሩን መካከል ለክተን ከበሩ በላይ ባለው ወፍራም የእንጨት ተሸካሚ ላይ የፊቱን መያዣ በብሎን አሰርን። ሞተሩንም በጂፕሰም ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከጀርባው በሚገኘው የጣራ ወራጅ ላይ ሰቀልነው። የድሮውን የእጅ መቀርቀሪያ አወጣን፤ ተቀርቅሮ ሳለ ሞተሩ ቢነሣ ሰሌዳውን ያጣምመዋልና። የግድግዳውን መጫኛ ሕፃን እንዳይደርስበት ከወለሉ 1 ሜትር ተኩል በላይ አደረግነው። በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር የሚላላኩትን ጥንድ የኤሌክትሪክ ዓይኖች ገጠምን። ይህ ሁሉ በደንብ ተሠራ። በሩም ሲከፈትና ሲዘጋ አይተን፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። የመመሪያውን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ግን አላነበብንም፤ ሁለታችንም በዲግሪ የተመረቅን ሰዎች ነበርና።

ክረምቱ ገብቶ ብርድ በበረታ ጊዜ በሩ መንገድ ላይ እየቆመ ያስቸግር ጀመር። ወደ ላይ ሲሄድ ይቆማል፤ ወደ ታች ሲሄድ ምንም ሳይነካ ተመልሶ ይከፈታል። በሞተሩ ላይ የኃይሉን ልክ የሚወስኑ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ አንዱ ለመውጫው፣ ሌላው ለመውረጃው። መሰላል ላይ ወጥቼ ሁለቱንም ከፍ አደረግኋቸው። በሩ ያለ እንከን መሥራት ጀመረ፤ እኔም ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ።

በጸደይ ወር አንድ ቀን ማለዳ፣ መኪናዬን ወደ ውጭ አውጥቼ የሪሞቱን ቁልፍ ተጫንኩና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። የአራት ዓመት ልጄ ባለሦስት ጎማ ብስክሌቷን በበሩ ደፍ ላይ ጥላው ነበር። የኤሌክትሪክ ዓይኑ የሚያየው አንድ ቀጭን መሥመር ብቻ በመሆኑ፣ ጨረሩ በብስክሌቱ ክፈፍ ክፍተት ሾልኮ አለፈ። በሩም ወርዶ ብስክሌቱን አገኘው። ያን ጊዜ ተመልሶ መነሣት ነበረበት፤ አልተነሣም። ድምፁን ሰምቼ ዞር ስል ክፈፉ ተጣሞ፣ በሩ በላዩ ተጭኖ፣ ሞተሩ እያቃሰተ አገኘሁት። ልጄ ከብስክሌቱ ወርዳ ወደ እናቷ ከገባች ገና ጥቂት ደቂቃ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ያደረግሁትን ብቻ ልናገር። መጽሐፉን አወጣሁና ያላነበብኩትን ገጽ አነበብኩ። በዚያም እንደ ተጻፈው፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጣውላ በበሩ መካከል ሥር ጠፍጣፋውን ወለሉ ላይ አስተኝቼ በሩን ዘጋሁት። ደንቡ በሩ ጣውላውን በነካ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ተመልሶ ይነሣ ይላል። የእኔ በር ጣውላውን ተጭኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ፈለግሁ። በሩን ዘግቼ፣ ቀይ እጀታ ያለውን ገመድ ስቤ ከሞተሩ አላቀቅሁትና በእጄ እስከ ወገቤ አነሣሁት። የተመጣጠነ በር በዚያ ከፍታ ላይ ሲለቁት ባለበት ይቆማል፤ የእኔ ግን ቁልቁል ወረደ። የሰውነት መመዘኛ ሚዛን ከበሩ ሥር ባስቀምጥ 16 ኪሎ ግራም አሳየኝ። ሞላው አርጅቶ ኃይሉን ከፊል አጥቶ ነበርና፣ ጉድለቱን ወራት ሙሉ ሲሸከም የኖረው ሞተሩ ነበር። ይህ ጉድለት በመውጫው ብቻ የሚጎዳ እንዳይመስላችሁ። በሩ ሲወርድ ሞተሩ የሚያደርገው ትርፉን ክብደት ይዞ ማውረድ ነው። እንቅፋት ሲያገኝ መጀመሪያ ያ 16 ኪሎ ሙሉ በሙሉ በእንቅፋቱ ላይ ያርፋል፤ ሞተሩ ተቃውሞ መኖሩን የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ የመውረጃውን ኃይል ከፍ በማድረጌ፣ ተቃውሞውን ቢያውቅም እንዳይሸነፍለት አድርጌው ነበር። ማሽኑ ታምሜያለሁ ብሎ ሲናገር አፉን ያፈንኩት እኔ ነበርኩ።

የተመለሶ መነሣት ሥርዓት የአምራቾች ቸርነት አይደለም። ሕፃናት በነዚህ በሮች ሥር ተይዘው ሕይወታቸው ስላለፈ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ፣ ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ የሚሠሩ የመኖሪያ ቤት መክፈቻዎች ሁሉ ሰው እንዳይያዝባቸው የሚከላከል ዘዴ እንዲኖራቸው ታዘዘ። ዩ.ኤል. 325 የተባለው የደኅንነት ደረጃም ዝርዝሩን ይወስናል። ሕጉ ግን የሚቆመው በፋብሪካው በር ላይ ነው፤ በቤታችን ውስጥ የሚፈጸመው በገጣሚው እጅ ነው።

እንግዲህ ሥራው በራስ እጅ መሠራት የለበትም ልል ነውን? አይደለም። ከመካከላችን ትራፓኖና ውሃ ልክ መያዝ የሚችል ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ አዲሱ ሞተር ከካርቶኑ ከመውጣቱ በፊት በሩ በእጅ ይፈተሽ። እስከ መካከል ተነሥቶ ባለበት የማይቆም በር ሞተር አይገጠምለትም።

ሁለተኛ፣ ሞላው ለባለሙያ ይተው። በተዘጋ በር ላይ ያለው ሞላ ቢያንስ ቀደም ሲል ያሰላሁትን 755 ጁል ይዟል፤ ይህም 10 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከ7 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው። ያንን በካቻቢቴ ለመፍታት የሚሞክር ሰው እጁን ወይም ዓይኑን ለዕጣ ያቀርባል። ገመዱ የታሰረበትን የበሩን የታች ማዕዘን መያዣ መፍታትም እንደዚሁ ነው። ብዙውን ጊዜ ሞላው 10,000 ጊዜ ለመከፈትና ለመዘጋት ተብሎ ይሠራል፤ በቀን አራት ጊዜ ለሚከፈት በር ይህ ሰባት ዓመት እንኳ አይሞላም። የእኔን ሞላ የለወጠው ባለሙያ ሥራውን የፈጸመው በልኩ በተሠሩ የብረት ዘንጎች ነው፤ ቆሜ ሳየው አንድም ጊዜ ፊቱን ከዘንጎቹ ትይዩ አላደረገም።

ሦስተኛ፣ የኃይሉ ማስተካከያ በሩን ሊያንቀሳቅስ ከሚችለው ከዝቅተኛው ልክ አይለፍ፤ የጣውላውም ፈተና በየወሩ ይደገም። ሪሞቱን የተጫነ ሰው በሩ ተዘግቶ እስኪያልቅ ዓይኑን አይንቀል።

ከመዝጋቴ በፊት ስለ አገር ቤት አንድ ቃል ልጨምር። አንዳንድ ዘመዶቻችን ይህን መሣሪያ በሻንጣ እንድናመጣላቸው ይጠይቁናል። እዚህ የሚሸጠው የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከዚህም ይበልጥ፣ ብየዳ ቤት የሚሠራው የግቢ በር ሚዛኑን የሚጠብቅለት ሞላ የለውም፤ ለእርሱ ሌላ ዓይነት ሞተር ያሻዋል። በሩን ሳያዩ ሞተር መላክ ስጦታ አይሆንም።

የልጄን የተጣመመ ብስክሌት አልጣልኩትም፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከመጫኛው ቁልፍ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጣውላውን ሳስተኛ አየዋለሁ። በየመሥሪያ ቤታችንም ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል ወፍራም ፊውዝ ለመተካት፣ ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ሲጮህ ሽቦውን ለመፍታት እጃችን የሚፈጥንበት ቀን አለ። በዚያ ቀን አስቀድመን፣ ይህን ሸክም በእውነት የተሸከመው ምንድን ነው ብለን እንድንጠይቅ አደራዬን አቀርባለሁ።