ስልኩ ቤት የሚገባበት ሰዓት

በመጥሪያው ላይ «ኮሮና፣ የትምህርት ቤቶች መዘጋትና የወደፊቱ ዝግጅት» የሚል ርእስ ሰፍሯል። «የወደፊቱ ዝግጅት» የሚለውን የጨመሩት አዘጋጆቹ ናቸው፤ ከደረስኩበት እናያለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዕድሜዬን የፈጀሁት የሬዲዮ ትምህርት በመጻፍ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ሲባል በልቤ «ሬዲዮም ቀን ወጣለት» ማለቴን አልደብቅም። አትፍረዱብኝ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ እኛ የሬዲዮ ሰዎች እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ ጥግ ይዘን ቀርተን ነበር።

ከዚህ ሐሳቤ ያወረደችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ያኔ ደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ባለፈው ክረምት የዚያን ዘመን የፊዚክስ ደብተሯን ሰጠችኝ። እስከ መጋቢት 4፣ ዓርብ ድረስ ፊዚክስ ነው። ከዚያ ወዲያ ገጹ በማስመሪያ ለሦስት ተከፍሏል፤ ቀን፣ «አባዬ የገባበት»፣ «ያገኘሁት»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቷ። አባቷ ሚኒባስ ይነዳል። መምህራኑ ወርክሺቱን ጠዋት ይለጥፋሉ፤ ስልኩ ግን ጠዋት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርት የሚጀመረው አባቷ ሲገባ ነው። ላንብብላችሁ፦ «1፡40፤ ኬሚስትሪ፤ ፒዲኤፉ አልወረደም።» «2፡15፤ ካርድ አልቋል።» «አልገባም፤ አዲስ አበባ አደረ።» መኪና በግማሽ ይጫን ከተባለ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ እየመሸ ሄዷል። የ7ኛ ክፍል ወንድም አላት፤ ቶሎ ስለሚተኛ ስልኩን ቀድሞ የሚይዘው እሱ ነው። እሷ ተራዋ ሲደርስ፣ ነገ ጠዋት ስልኩ ስለሚሄድ፣ ወርክሺቱን ከነጥያቄው በእጇ ትገለብጣለች። ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ!

«ሬዲዮስ?» አልኳት፤ እንዴት ዝም ልበል?

«ጋሼ፣ ሬዲዮ እኮ የነበረው አባዬ መኪና ላይ ነው» አለችኝ።

(ሳቃችሁን እቀበላለሁ።)

ከሰኔ 23 ጀምሮ ሦስተኛው ዓምድ ሰረዝ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ የሀጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ያ ጊዜ እጅግ የከፋባት መስሎኝ ነበር። አይደለም። የራሳቸው ስልክ ያላቸው ልጆች ትምህርታቸውን ስልኩ ላይ አይተው ያለፉ ናቸው፤ ገልብጣ የያዘችው እሷ ነች። በሰረዙ ሳምንታት ደብተሯን ሊዋሱ በሯ ድረስ መጡ። «አንዷማ ከዚያ በፊት ሰላምም አትለኝም ነበር» ስትል ዓይኗ ይስቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። በ1911 ዓ.ም. አገር ያጠቃው የኅዳር በሽታ የተወልን ምንድን ነው? በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠልን እናጥናለን። ጭሱ አለ፤ የዚያን ዘመን ልጅ ማታ ማታ ምን ይሠራ እንደነበር ግን ጭሱ አይነግረንም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ለጳጉሜን ጽዳት የልጆቻችሁን የ2012 ደብተር ከመጣላችሁ በፊት የኋላ ገጾቹን ግለጡ። እኔ እሰበስባለሁ፤ አሁን ያለኝ አንድ ነው።

ሰዓቴ ማለቁን ሊቀመንበሩ በዓይናቸው ነግረውኛል። ዝግጅቱን ባጭሩ፦ ወርክሺት ማታ ይለጠፍ፤ ክብደቱ ይቀነስ፤ ስልክ ለሌለው ቤት የታተመ ወረቀት በቀበሌ ይድረስ። ስለ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ልል ነበር፤ በታብሌት ይሰጣል ሲባል ቆይቶ፣ ልጆቹ ከክፍል ከወጡ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የካቲት 2013 መገባደጃ ላይ በወረቀት ተሰጠ። ይህ ራሱን የቻለ ዲስኩር ይወጣዋል።

የደብተሩን መጨረሻ ግን ሳላነብ አልወርድም። ጥቅምት 2013 ነው፤ በፈረቃ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ክፍል የተመለሱበት ሰሞን። በሁለተኛው ዓምድ፣ «አባዬ የገባበት» በሚለው ሥር፣ እንዲህ ብላለች፦ «አላየሁም፤ ተኝቼ ነበር።»